የዓይነ ስውራኑ አስተማሪ ሉዊ ብሬል

እኔ እዚህ ነስ ጺዮና ኡልፓን የምማር እናት ነኝ። የመጣሁት ከጎንደር ነው፣ ገና አዲስ ነኝ። አገር ቤት የተማርኩት ፊደል ቆጥሬ እስከ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርቴ ከብት ጥበቃና ሰፌድ ስፌት ሆነ። ስለዚህ ስሕተት ካገኛችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የኡልፓናችን ሞራ እያንዳንዳችን ድሮ ስለሞተ አንድ ታዋቂ ሰው እንድንጽፍ አዘዘችን። አንዱ ስለ ቤን ይሁዳ ጻፈ፣ አንዷ ስለ ታምራት አማኑኤል ጻፈች። እኔ ማንን እንደምጽፍ ጨንቆኝ ነበር። ረሖቮት የምትኖር የታላቅ እኅቴ ልጅ አለችኝ። በልጅነቷ የመጣች ናት፣ አሁን አስተማሪ ናት፤ የምታስተምረው በልዩ ትምህርት ነው፣ በዕብራይስጡ ሒኑክ መዩሐድ የሚሉት። ሥራዋን እየሠራች ደሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። አንድ ቀን ቤቷ ሆነን ስለ ወንድሜ ስናወራ ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ እያነበበች ነገረችኝ። እኔም በቃ አገኘሁት ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ብሬል የተወለደው በፈረንሳይ አገር ኩቭሬ በምትባል መንደር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ነው። መንደሪቱ ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ እንደኛ በእግሩ ለለመደ ሰው ረጅም የአንድ ቀን መንገድ ማለት ነው። አባቱ ሲሞን ረኔ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። እናቱ ሞኒክ ትባላለች። ሉዊ አራተኛና የመጨረሻ ልጃቸው ነው። በኛ አገር ቆዳ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የምትሠራ ሰው ይናቅ ነበር፤ ይህን እኛ ቤተ እስራኤሎች ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። እዚያ ግን ኮርቻ ሠሪ የተከበረ ነው። ያለ ፈረስ እርሻም ጉዞም ስለማይሆን የመንደሩ ሰው ሁሉ ደጁን ይጠናል።

ሉዊ ሦስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ከሚሠራበት ክፍል ገባ። አባቱን አይቶ እሱም ቆዳ ሊበሳ ፈለገ። ወስፌ አነሣና ሲታገል ወስፌው አዳልጦት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ። በዚያን ጊዜ ዛሬ ያለው የቁስል መድኃኒት ገና አልተገኘም። ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተላለፈ፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ብርሃን ፈጽሞ ጠፋበት።

እኔ ያደግሁት ወስፌ ይዤ ነው። ሰንደዶና አክርማ ይዤ ስቀመጥ ልጆቼ ሮጠው ሲመጡ መጀመሪያ የማደርገው ወስፌውን ከጭንቅላቴ በላይ ማንሣት ነበር። ስለዚህ የእኅቴ ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ ትንሽ ዝም በይ አልኳት። የአባትየውን ነገር አሰብኩ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያንኑ ወስፌ እያነሣ መሥራት ነበረበት፣ እንጀራው ነዋ።

ወላጆቹ ግን ልጁን ጥግ አስቀምጠው አልተዉትም። አባቱ ዘንግ ሠራለት፤ በዘንጉ መንደሩን አንድ በአንድ ለመደ። የመንደሩ ቄስ አባ ፓሉዊ ወደ ቤታቸው እየወሰዱ አስተማሩት። ቀጥሎም ከሚያዩት ልጆች ጋር መንደር ትምህርት ቤት ገባ። እየሰማ በቃሉ ይይዛል፤ ከሁሉም በላጭ ሆነ። ማንበብና መጻፍ ላይ ሲደርሱ ብቻ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

በፓሪስ ደሞ የዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ። በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ያቋቋመው ቫለንታን አዊ የሚባል የሚያይ ሰው ነው። አዊ በ1771 በፓሪስ ገበያ ላይ ዓይነ ስውራን ትልልቅ መነጽር አድርገው፣ መሣሪያ እንዲጫወቱ ተደርጎ ሕዝብ ሲስቅባቸው አየ። ነገሩ ከሆዱ አልወጣ አለ። ዓመታት ቆይቶ አንድ የሚለምን ዓይነ ስውር ወጣት አግኝቶ ማስተማር ጀመረ፤ ከዚያ በ1780ዎቹ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ሉዊ እዚያ የገባው በ1819 በፌብሩዋሪ ነው፣ ዕድሜው 10። ሕንጻው ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ቀድሞም እስር ቤት ሆኖ ያገለገለ ነበር። የኋላ በሽታው ከዚህ ቤት ሳይጀምረው አልቀረም።

አዊ የሠራው መጽሐፍ ተራው የፈረንሳይ ፊደል ወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ የታተመበት ነው። ልጆቹ የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ በጣታቸው እየዞሩ ይፈልጉታል። ፊደሉ ትልቅ፣ መጽሐፉ ከባድ፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። አንድ ቃል እስኪያልቅ መጀመሪያው ይረሳል። ደሞ በዚያ ፊደል ልጁ ራሱ መጻፍ አይችልም። አዊ ደግ ሰው ነበር፣ በዚህ ክርክር የለም። ግን ለዓይን የተሠራን ፊደል ነው ለጣት የሰጠው።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። በጨለማ የሚነበብ ጽሕፈት አውጥቻለሁ አለ። ፊደል የለውም፣ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች ናቸው። ለአንድ ምልክት እስከ 12 ነጥብ፣ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት መስመር ይቆማሉ። ልጆቹ ነጥብ ከፊደል ቅርጽ ይልቅ ለጣት እንደሚመች ወዲያው ገባቸው። ችግሩ ግን ምልክቱ ረጅም ነው፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ካልሄደ አይሸፍነውም። የሚጻፈውም ድምፅ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛ የቃል አጻጻፍ የለውም፣ ነጥብና ሰረዝ የለውም፣ ቁጥር የለውም።

ሉዊ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነው። ጉድለቱን አስተዋለ። ሉዊ ብቻውን ሥራውን ያዘ። ሌሊት ሌላው ሲተኛ፣ ለዕረፍት መንደሩ ሲሄድም ወረቀትና መውጊያ ይዞ ነጥብ ይወጋል። ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1824፣ 15 ዓመት ሲሆነው ጨረሰ።

የሠራው ነገር እንዲህ ነው። ነጥቦቹ ስድስት ብቻ ናቸው፣ ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ። ስድስቱ ባንድ ጊዜ ከአንድ ጣት ጫፍ ሥር ይገባሉ። ከስድስቱ የትኛው እንደተወጋና የትኛው እንደቀረ በማለዋወጥ 63 ምልክት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፊደሎች ከላይ ባሉት አራት ነጥቦች ብቻ ይጻፋሉ። ቀጣዮቹ አሥር እነዚያው ናቸው፣ ከታች አንድ ነጥብ ተጨምሮባቸው። ከዚያ ሌላ ነጥብ ይጨመራል። ይህ ለኛ አዲስ አይደለም። የኛም ፊደል ለ ብሎ ጎኑ ላይ ትንሽ ነገር ሲቀጠልበት ሉ ይሆን የለ? አንዱን ካወቅህ ቤተሰቡን ታውቃለህ። ቁጥርም፣ የሙዚቃ ምልክትም በዚያው በስድስቱ አወጣለት። በ1829 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በመጽሐፉም መነሻውን ያገኘው ከባርቢዬ መሆኑን በግልጽ አመሰገነ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ ላንሣ። ታላቄ ነበር። በልጅነቱ ዓይኑን ታሞ ታወረ። በስሙ የምትጠራው እናታችን ብቻ ነበረች፤ የሰፈሩ ሰው የሚጠራው በዓይኑ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ለሱ አልታሰበም። ጠልተነው አልነበረም፣ አይቻልም ብለን አምነን ነው። እሱ ግን እኔ ስሰፋ አጠገቤ ይቀመጥና ጣቱን በስፌቱ ላይ ያስኬዳል። የኔን ሥራ ከእናቴ ሥራ፣ የእናቴን ከጎረቤታችን ይለያል። የተዛነፈች አንዲት ዙር ብትኖር እዚያች ላይ ጣቱን ያቆምና ይስቅብኛል። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ወንድሜ ያነብ ነበር። የሚነበብ ነገር የሰጠው ሰው አልነበረም እንጂ።

ወደ ሉዊ ልመለስ። ትምህርቱን ሲጨርስ እዚያው ቤት ረዳት አስተማሪ አደረጉት፤ በ1833 ደሞ ሙሉ መምህር ሆነ። ታሪክ፣ ሒሳብና ሙዚቃ አስተምሯል። ዓይነ ስውር ዓይነ ስውሮችን ሲያስተምር ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነው። ተማሪዎቹ እንደሚወዱት፣ ቁጣው ትንሽ፣ ንግግሩ አጭር እንደነበረ አብረውት የነበሩ ጽፈዋል። ኦርጋን የሚባለውን ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መሣሪያም በጣም ይችል ነበር፤ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት እየተጫወተ ደመወዝ ያገኛል። ካገኘው ላይ ለተቸገረ ተማሪ ያበድራል። ብዙ ጊዜ አይመለስለትም።

26 ዓመት ገደማ ሲሆነው የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። አንዳንዴ ይሻለዋል፣ አንዳንዴ ደም ያስለዋል፤ ድምፁም እየደከመ ስለሄደ የሚያስተምረው እየቀነሰ መጣ። ታሞም ሥራ አልተወም። ዓይነ ስውራን ለሚያዩ ዘመዶቻቸው ደብዳቤ የሚጽፉበትን ዘዴ በ1839 አወጣ። ተራውን ፊደል በነጥብ እያሳሉ የሚጽፉበት ነው። ፉኮ የሚባል ዓይነ ስውር ጓደኛው ለዚህ መጻፊያ ማሽን ሠራለት።

አሁን ከሁሉ የከነከነኝን ልንገራችሁ። በ1840 ትምህርት ቤቱ አዲስ ኃላፊ መጣለት፣ ዱፎ ይባላል። ዱፎ ነጥቦቹን ከለከለ። የድሮ መጻሕፍትም እንዳቃጠለ ይተረካል። ልጆቹ በነጥብ ሲጽፉ ከተገኙ ይቀጣሉ። ልጆች ግን ልጆች ናቸው፤ ተደብቀው መጻፉን ቀጠሉ፣ ትልቁ ለትንሹ ያስተምራል። መውጊያ ቢቀማ በሌላ ሹል ነገር ይተካል።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ዱፎ ግን ክፉ አልነበረም፣ የተማረ ሰው ነው፣ ለዓይነ ስውራን የሚያስብ። ዓይነ ስውራን የራሳቸው ፊደል ከኖራቸው ከሚያየው ሰው ይለያሉ፣ ብቻቸውን ይቀራሉ ብሎ ፈራ። ለነሱው ብሎ ነው። ያላደረገው አንድ ነገር፣ ልጆቹ በየትኛው በፍጥነት እንደሚያነቡ ጣታቸውን ተከትሎ አለማየቱ ነው።

የእኅቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትመዘገብ ዘመድ ሁሉ ተገርሞ ነበር። እኔም አንዷ ነኝ። ሕፃናትን ለመርዳት ደግ ልብ ከበቃ ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ያደርጋል አልን። ነርስ ብትሆን፣ ኮምፒዩተር ብትማር ይሻላት ነበር ያልን አለን። እስዋ ባግሩት ጨርሳ በመምህራን ኮሌጅ አራት ዓመት በልዩ ትምህርት ተምራለች፣ ተዑዳት ሆራዓ የሚባለውን የማስተማር ምስክር ወረቀት ይዛለች፣ ስታዥ የሚባለውን የመጀመሪያ የሥራ ዓመት በሌላ አስተማሪ ጥበቃ ሠርታለች። እንደገና ምን ቀራት? የዱፎን ነገር ስትነግረኝ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። አሁን የምትማረው አንድ ልጅ ለምን እንደማያነብ መለየት ነው። ዓይኑ ነው? ጆሮው ነው? ቋንቋው ገና ነው? ወይስ ፊደሉ ሲታየው ይገለባበጥበታል? ከኛ ልጆች መካከል ዕብራይስጥ ገና ስላልለመደ ብቻ የማይችል ተብሎ የተቀመጠ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በተቃራኒው ደሞ እውነተኛ ችግር ኖሮበት አዲስ መጤ ነው፣ ይለምዳል እየተባለ ዓመት ያለፈበት አለ። ሁለቱን የሚለይ ሰው በደንብ የተማረ መሆን አለበት። ቋንቋችንን ቢያውቅ ደሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

በእስራኤል የልዩ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1988 ነው። በሕጉ መሠረት የሚገባው ልጅ ከ3 እስከ 21 ዓመቱ በነጻ ይማራል። ሥራው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በልዩ ጋን፣ በልዩ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ከሌሎች ጋር አብሮ የሚማረውን ልጅ እክፍሉ ድረስ ሄደው የሚደግፉም አሉ፤ እነዚህን ማቲያ የሚባለው የየአካባቢው ማዕከል ይልካቸዋል። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው የመማር ችግር መርማሪ ወደ መሆን፣ ሌሎች አስተማሪዎችን ወደ መምራት ይሄዳል። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ለመሆንም ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። አገር ቤትም ቢሆን ትምህርቱ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን በሁለተኛ ዲግሪና በዶክትሬት ያስተምራል። ሰበታም ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ወንድሜ ልጅ ሳለም ነበረ። እኛ አልሰማንም፤ ብንሰማስ ከጎንደር ሰበታ ድረስ ማን ይወስደዋል።

የዱፎ ነገር መጨረሻው ይህ ነው። ጓዴ የሚባል ምክትል ነበረው፤ እሱ ልጆቹን በደንብ አያቸውና ነጥቡ እንደሚሻል አመነ፣ ዱፎንም አሳመነው። በ1844 ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንጻ ሲገባ በበዓሉ ላይ በሕዝብ ፊት የሉዊ ጽሕፈት ተገለጠ፣ ልጆቹም ሲጽፉና ሲያነቡ ታየ። ሉዊ በሕይወቱ ይህን ሰምቶ ሞተ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሞተው ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 ነው፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን። እኔም በዚሁ ዕድሜ ላይ ነኝ፣ ገና ማንበብ እየለመድኩ። የፓሪስ ጋዜጦች ሞቱን አልጻፉም። ሳይከፈት ይቃጠል ብሎ የተወው አንድ ትንሽ ሣጥን ነበረው። ጓደኞቹ አላስችል ብሏቸው ከፈቱት። ውስጡ ተማሪዎችና ድሆች የተበደሩት ገንዘብ ወረቀት ነው። ያን ጊዜ እንዳዘዘው አቃጠሉት።

በሞተ በሁለት ዓመቱ በ1854 ፈረንሳይ ጽሕፈቱን ተቀበለች። በ1878 በፓሪስ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለዓይነ ስውራን ትምህርት መረጠው። በ1902 በኢየሩሳሌም የአይሁድ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ካቋቋሙት አንዱ አቭራሃም ሞሼ ሉንጽ ራሱ ዓይነ ስውር ነበር። በ1952፣ በሞተ በመቶ ዓመቱ፣ አፅሙን ከኩቭሬ አውጥተው ፓንቴዮን በሚባለው የታላላቅ ሰዎች መቃብር ፓሪስ አሳረፉት። የእጆቹ አፅም ግን መንደሩ ቀረ። መንደርተኞቹ እጁን አልሰጡም።

ኡልፓን ለምንማር የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ዕብራይስጥ በነጥብ ሲጻፍ የሚነበበው እንደ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው! እኛ ከቀኝ መጀመር አቅቶን ስንቸገር እነሱ በኛ በኩል ያነባሉ። በእጅ ሲጻፍ ግን ወረቀቱ ከጀርባው ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሲገለበጥ ይቃናል። አማርኛም የነጥብ ጽሕፈት አለው። መጀመሪያ የፊደሉ ድምፅ ይጻፍና የ‹ኡ› ወይም የ‹ኢ› ምልክት ይከተለዋል።

ባለፈው እሑድ ማታ የእኅቴ ልጅ መጻፊያ ሰሌዳውንና መውጊያውን ይዛልኝ መጣች። መውጊያው አጭር ወስፌ ነው፣ እጄ ወዲያው አወቀው። የወንድሜን ስም ልጽፍ ሞከርኩ። መጀመሪያ ከግራ ጀመርኩና ሲገለበጥ ሌላ ነገር ሆነ፣ ሳቅን። ሁለተኛው ላይ አንዲት ነጥብ ጎደለች። ሦስተኛው ትክክል ነው አለች። ወረቀቱን ሞራችን ክፍላችን በር አጠገብ ለጥፋዋለች። መንካት ይቻላል፤ ነጥቡ እንዳይጨፈለቅ ቀስ ብላችሁ ንኩት።